ከሽፋን በታች የሚበቅሉ የጨጓራና የአንጀት ዕጢዎች፤ የስማቸውና የአመዳደባቸው ታሪክ

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። ቂርቆስ በቤተ ክርስቲያኑ ተጠራ። ካዛንቺስ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት መጠሪያ ስሙን ወሰደ። ቡልጋሪያ ደግሞ የሩቅ አገር ስም ነው። ይሁንና ቡልጋሪያ የሚኖረውን ሰው ቡልጋራዊ ነው ብሎ የሚገምት የለም፤ የሰፈሩ ስም ሰውየው የት እንደሚኖር እንጂ ከማን እንደ ተወለደ አይናገርምና። በሕክምና ሙያችን ግን ይህን ቀላል ልዩነት ለይቶ ለማወቅ ረጅም ዘመን የፈጀ አንድ የበሽታ ወገን አለ።

ይኸውም ከምግብ ቧንቧ የውስጥ ልባስ በታች፥ ማለትም ከሙኮሳው ሥር የሚበቅሉት ዕጢዎች ወገን ነው። ለብዙ ዓመታት አንዱን ከሌላው የምንለየው በሰፈሩና በመልኩ ነበር፤ በጡንቻ መካከል የተገኘው የጡንቻ፥ ነርቭ የመሰለው የነርቭ ተባለ። የዋነኛው ዕጢ ትውልድ በሚገባ የታወቀው በ1998 ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጉዞ ለሙያ ባልደረቦቼ በአጭሩ መተረክና በአገራችን ላቦራቶሪና የቀዶ ሕክምና ክፍል ለምንሠራው ሁሉ ምን እንደሚያስተምር ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ በሽተኛ ልናገር። ከዓመታት በፊት በቡልጋሪያ ሰፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሆዳቸው አብጦ ወደ እኔ መጡ። በምርመራ ጉበታቸው ላይ በርከት ያሉ ዕጢዎች ታዩ። ቀደም ብሎ ከትንሹ አንጀታቸው አንድ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ነበርና፥ የዚያን ጊዜውን የፓቶሎጂ ውጤት በፖስታ አድርገው አኑረውት ኖሮ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ሊዮማዮሳርኮማ» የሚል ነው፤ የልሙጥ ጡንቻ ካንሰር ማለት ነው። አዛውንቱም «ዶክተር፥ ያን ጊዜ ከሥሩ ወጥቷል ብለውኝ ነበር። ታዲያ ይህ ያው ነው ወይስ ሌላ መጣብኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም፥ መልሱ ለእርሳቸው የሚሆን መድኃኒት መኖሩንና አለመኖሩን የሚወስን ነበር።

የግድግዳው አሠራር

የምግብ ቧንቧ ግድግዳ በንብርብር የተሠራ ነው። ከውስጥ በኩል ሙኮሳው፥ ከእርሱ ቀጥሎ የደም ሥሮችና የላላ ኅብረ ሕዋስ የሚገኙበት ሳብሙኮሳ፥ ከዚያም ምግቡን የሚገፋው ወፍራም የጡንቻ ንብርብር፥ በመጨረሻም በብዙው ክፍል የውጭው ልባስ አለ። በሙኮሳው ላይ የሚነሣው የተለመደው ካንሰር ለዐይን ይታያል፤ ይቆስላል፥ ይደማል፥ ናሙናም በቀላሉ ይወሰድለታል። ከሥር የሚበቅለው ዕጢ ግን ጤናማ ሽፋን ለብሶ እንደ ጉብታ ብቻ ይታያል። የኤንዶስኮፒው መቆንጠጫ የሚነክሰው የላይኛውን ሽፋን ስለ ሆነ፥ ውጤቱ ብዙ ጊዜ «ጤናማ ሙኮሳ» ተብሎ ይመለሳል። ሐኪሙም በሽተኛውም በዚህ ቃል ይዘናጋሉ።

ጉብታ ሁሉ ዕጢ አለመሆኑንም በእኛ አገር የሚሠራ ሐኪም ዘወትር ማስታወስ አለበት። የአንጀት ቢልሃርዚያ ጉበትን ሲጎዳና የደም ሥር ግፊት ሲጨምር፥ በጨጓራ አናት ላይ ያበጡ ደም መላሽ ሥሮች ዕጢ መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ሳያስተውሉ ናሙና መውሰድ ለሕይወት የሚያሠጋ መድማት ያስከትላል። በካላዛር ወይም በተደጋጋሚ ወባ ምክንያት የገዘፈ ጣፊያም ጨጓራን ከውጭ ገፍቶ ጉብታ ይፈጥራል። ስለዚህ የአመዳደቡ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ምን ዓይነት ዕጢ ነው?» ሳይሆን «ይህ በግድግዳው ውስጥ ነው ወይስ ከግድግዳው ውጭ?» የሚለው ነው።

በመልክ የተሰጡ ስሞች

ከእነዚህ ዕጢዎች መካከል ቀድመው ራሱን የቻለ ስም ካገኙት አንዱ ካርሲኖይድ ነው። ጀርመናዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ሲግፍሪድ ኦበርንዶርፈር በ1907 በትንሹ አንጀት ውስጥ ያገኛቸውን ጥቃቅን ዕጢዎች «ካንሰር መሰል» ለማለት ይህን ስም አወጣላቸው። ካንሰር ቢመስሉም በዝግታ የሚያድጉና ጉዳት የማያደርሱ ናቸው ብሎ ነበር። ይሁንና በ1929 እርሱ ራሱ ከእነዚህ ዕጢዎች ወደ ሌላ አካል የሚዛመቱ እንዳሉ ገለጠ። የመጀመሪያው ስም ግን ከባለቤቱ እርማት ይልቅ ዕድሜ አገኘ፤ «መሰል» የምትለው ቃል ለብዙ ዓመታት ሐኪሞችን ስታዘናጋ ኖረች። ዛሬ እነዚህ ዕጢዎች ኒውሮኤንዶክሪን ይባላሉ፤ ደረጃቸውም በመልካቸው ሳይሆን ሕዋሳታቸው በሚከፋፈሉበት ፍጥነት ይወሰናል።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1926 ሩሲያዊው አብሪኮሶቭ የገለጠው ባለ ቅንጣት ሕዋስ ዕጢ ነው። በምግብ ቧንቧ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው በጉሮሮ ነው። አብሪኮሶቭ የጡንቻ ጽንስ ሕዋስ ዕጢ ነው ብሎ ሰየመው። በኋላ በተደረገው ምርምር ግን ወገኑ የነርቭን ጭራ ከሚያለብሱት የሽዋን ሕዋሳት መሆኑ ታወቀ። እዚህም ላይ ስሙ የተሰጠው ዕጢው በሚመስለው ነገር ነበር።

ትልቁ ስሕተት ግን በትልቁ ወገን ላይ የደረሰው ነው። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ሊቅ የነበሩት አርተር ፐርዲ ስታውት በ1941 ከጎልደን ጋር ሆነው የምግብ ቧንቧን የልሙጥ ጡንቻ ዕጢዎች በሰፊው ገለጡ። የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ አብዛኛው ጡንቻ ነው፤ የዕጢዎቹ ሕዋሳትም እንደ እንዝርት የሾሉና በነዶ የታሰሩ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ከጡንቻ ነው የተወለዱት ማለት ምክንያት ያለው ግምት ነበር። ገር የሆነው ሊዮማዮማ፥ ክፉው ሊዮማዮሳርኮማ ተባለ። በ1962 ስታውት 69 የጨጓራ ዕጢዎችን መርምረው፥ ሕዋሳታቸው ክብ ስለ ሆኑና የተለመደውን የጡንቻ መልክ ስላላሳዩ «እንግዳ መልክ ያላቸው የልሙጥ ጡንቻ ዕጢዎች» አሏቸው። ቆም ብለን ብናስተውለው፥ ይህ ስም ራሱ ምስክር ነበር፤ ጡንቻ የማይመስለውን ዕጢ «እንግዳ ጡንቻ» ከማለት ይልቅ ጡንቻ መሆኑን መጠራጠር ይቻል ነበር። ነገር ግን በማይክሮስኮፕና በተለመደው ቀለም ብቻ ከዚህ አልፎ ማየት በዚያ ዘመን የሚቻል አልነበረም።

የአለማወቅ ስም

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሥራ ላይ ሲውል፥ ከእነዚህ ዕጢዎች በብዙዎቹ ውስጥ ይገኛል የተባለው የጡንቻ ክር አልታይ አለ። ቀጥሎም በፀረ ፕሮቲን ማቅለሚያ፥ ማለትም በኢሚኖሂስቶኬሚስትሪ ሲፈተኑ፥ የጡንቻ ምልክት የሆነው ዴስሚን በአብዛኞቹ አልተገኘም፤ የነርቭ ሽፋን ምልክትም በጥቂቶቹ ብቻ ታየ። በ1983 ማዙርና ክላርክ የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ነገሩን በግልጽ ተናገሩ። እነዚህ ዕጢዎች ጡንቻም ነርቭም ናቸው ለማለት ማስረጃ የለንምና «የስትሮማ ዕጢ» ይባሉ አሉ። ስትሮማ ማለት ደጋፊ ኅብረ ሕዋስ ማለት ነው፤ እንግዲህ አዲሱ ስም ዕጢው በግድግዳው ደጋፊ ክፍል ውስጥ ተገኘ ከማለት በቀር ስለ ትውልዱ ምንም አይናገርም።

በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ታላቁ እርምጃ ይህ ነው። ብዙ ሰው ታላቁን እርምጃ በ1998 ከተገኘው ጂን ጋር ያያይዘዋል፤ እርሱም ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ታውቋል ተብሎ እስከ ታመነ ድረስ የሚፈልገው አይኖርም። ማዙርና ክላርክ «አይታወቅም» የሚል ስም ሲሰጡት፥ ተዘግቶ የነበረው ጥያቄ እንደ ገና ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አንዳንዶች የነርቭ ዕጢ ነው፥ ሌሎች የሁለቱ ድብልቅ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በ1994 ደግሞ ሲዲ 34 የተባለው ምልክት በአብዛኞቹ ላይ መገኘቱ ተገለጠ፤ ይህም ከእውነተኛዎቹ የጡንቻና የነርቭ ዕጢዎች የተለየ አንድ ወገን መኖሩን አመለከተ።

ከካሃል እስከ ኦሳካ

መልሱ የመጣው የዕጢ ተመራማሪዎች ካላሰቡት ወገን ነው። ስፔናዊው ሳንትያጎ ራሞን ካሃል፥ በ1906 የኖቤል ሽልማትን ከጎልጂ ጋር የተካፈለው ሊቅ፥ በአንጀት ጡንቻና በነርቭ መካከል ቅርንጫፍ ያላቸው ልዩ ሕዋሳት እንዳሉ አስቀድሞ አይቶ ነበር። ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ግን ለብዙ ዓመታት አከራከረ። በ1992 በጃፓን በአይጥ ላይ በተደረገ ሙከራ፥ ኪት የተባለውን ፕሮቲን የሚያግድ ፀረ አካል ሲሰጥ የአንጀቱ እንቅስቃሴ ታወከ። በ1995 ደግሞ የኪት ጂን ከሌለ የካሃል ሕዋሳት እንደማይዳብሩና አንጀቱም ምቱን እንደሚያጣ ተረጋገጠ። እንግዲህ የካሃል ሕዋስ የአንጀት ምት መሪ ነው፤ ምልክቱም ኪት ነው።

በ1998 በኦሳካ የሂሮታና የኪታሙራ ቡድን እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኘ። ቡድኑ የስትሮማ ዕጢዎችን ሲመረምር አብዛኞቹ ኪትን ተሸክመው ተገኙ፤ በአምስቱ ዕጢዎች ላይም የኪት ጂን ተለውጦ ታየ። በጤናማ ሕዋስ ኪት የሚነቃው ከውጭ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው፤ በተለወጠው ጂን ግን ያለ ትእዛዝ ሌት ተቀን ሕዋሱን «ተከፋፈል» ይለዋል። በዚያው ዓመት በስዊድን የኪንድብሎም ቡድን ከሌላ መንገድ ተነሥቶ ወደዚሁ መደምደሚያ ደረሰና ዕጢውን «የምት መሪ ሕዋስ ዕጢ» ብሎ ሊሰይመው ፈለገ። ይሁንና የጸናው ያው የ1983ቱ ስም ነው፤ ዛሬም ዕጢው በአጭሩ ጂስት ይባላል። በጡንቻው ሰፈር ይኖር የነበረው ዕጢ የጡንቻ ልጅ አልነበረም።

ስሙ ሲለወጥ የተለወጠው

ይህ የምሁራን ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጽሑፍ ባልበቃ ነበር። የልሙጥ ጡንቻ ካንሰር ይባሉ በነበሩበት ዘመን፥ ተዛምተው የተገኙ እነዚህ ዕጢዎች በተለመደው የካንሰር መድኃኒት ሲታከሙ የሚመለሱት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ለተባለው የደም ካንሰር ይሞከር ነበር፤ መድኃኒቱ የሉኪሚያውን ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ኪትንም የሚያግድ ሆኖ ተገኘ። በመጋቢት 2000 በፊንላንድ ዕጢዋ ጉበቷን የወረራት አንዲት ሴት የመጀመሪያዋ ተካሚ ሆነች፤ ዕጢዎቹም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየሟሸሹ ሄዱ። በ2002 ውጤቱ በታወቀው የ147 ሕሙማን ጥናት ከግማሽ የሚበልጡት ዕጢያቸው በጉልህ ቀነሰ። በዚያው ዓመት በየካቲት መድኃኒቱ በአሜሪካ ለጂስት ተፈቀደ። እውነተኛ ሊዮማዮሳርኮማ ግን በዚህ መድኃኒት አይመለስም። እንግዲህ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት የዓመታት ዕድሜ ሆነ ማለት ነው።

ለቀዶ ሐኪሙም ትርጉሙ ትንሽ አልነበረም። ጂስት ወደ ንፍፊት የሚዛመተው ከስንት አንድ ስለ ሆነ፥ እንደ ተለመደው የጨጓራ ካንሰር ንፍፊቶቹን ሁሉ መጥረግ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። በአንጻሩ የዕጢው ልባስ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከተቀደደ በሆድ ውስጥ ይዘራልና፥ ሙሉውን ሳይጎዱ ማውጣት የግድ ነው።

አመዳደቡ ግን በዚህ አላበቃም። በ2002 የወጣው የሊቃውንት ስምምነት «ገር» እና «ክፉ» የሚለውን ክፍፍል ትቶ አደጋውን በደረጃ አስቀመጠ፤ መለኪያዎቹም የዕጢው መጠንና በ50 የማይክሮስኮፕ መስኮች ውስጥ የሚቆጠሩት በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት ናቸው። በ2006 ሚየቲነንና ላሶታ ሦስተኛውን መለኪያ፥ ማለትም ቦታውን ጨመሩ። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነና ከ5 የማይበልጡ ተከፋፋይ ሕዋሳት ያሉት ዕጢ በጨጓራ ከሆነ ከመቶ ወደ 4 በሚጠጉት ሕሙማን፥ በትንሹ አንጀት ከሆነ ግን ከመቶ በ24ቱ ያገረሻል። እንግዲህ ሰፈር ትውልድን ባይናገርም ስለ ወደ ፊቱ ዕድል የሚናገረው አለ። በ2003 ደግሞ ኪት ባልተለወጠባቸው አንዳንድ ዕጢዎች ፒዲጂኤፍአርኤ የተባለ ዘመድ ጂን ተለውጦ ተገኘ፤ ከዚህ ለውጥ አንዱ ዓይነት ኢማቲኒብን የሚቋቋም ነው። አንዱ ስም እንደ ገና ወደ ብዙ ስሞች ተከፈለ።

ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ያለው አመዳደብም ከዚህ ጎን ለጎን አደገ። ከ1980 ጀምሮ አልትራሳውንድ በኤንዶስኮፕ ጫፍ ላይ ተተክሎ ወደ ጨጓራ ሲገባ፥ ግድግዳው ብሩህና ጨለማ እየሆነ አምስት ንብርብር ሆኖ ታየ። ሦስተኛው ሳብሙኮሳ፥ አራተኛው ጡንቻ ነው። በሦስተኛው ውስጥ ያለ ብሩህ ጉብታ ብዙ ጊዜ የስብ ዕጢ ነው፤ በአራተኛው ያለ ጨለማ ጉብታ በጨጓራ ከሆነ ጂስት፥ በጉሮሮ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ሊዮማዮማ ነው። ቀድሞ ሁሉም «የሳብሙኮሳ ዕጢ» ይባሉ ነበር፤ ብዙዎቹ ከሳብሙኮሳው አለመነሣታቸው ስለ ታወቀ «ከሽፋን በታች ያሉ» የሚለው ልከኛ ስም ተመረጠ። እዚህም ላይ ከሚታወቀው በላይ የማይናገር ስም አሸነፈ።

ከእኛ የሚጠበቀው

በአገራችን የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር በ1961 ከተቋቋመና በ1964 የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ ከተከፈተ ወዲህ የፓቶሎጂ ሥራ የቆመው በአብዛኛው በፎርማሊን፥ በፓራፊንና በሁለቱ የተለመዱ ቀለሞች ላይ ነው። የኪት ማቅለሚያ በየሆስፒታሉ እንደ ልብ አይገኝም። ኢማቲኒብ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በነጻ የሚታደልበት ዓለም አቀፍ የርዳታ ፕሮግራም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ለክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ሕሙማን ደርሷል። መድኃኒቱ በከተማው ውስጥ ሳለ በሽተኛው በስሙ ምክንያት ሊያጣው ይችላል ማለት ነው።

ስሙ ለቆጠራም ያስፈልጋል። በ2000 በወጣው በሦስተኛው ዓለም አቀፍ የዕጢዎች መለያ መጽሐፍ ጂስት 8936 የሚል የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ሊዮማዮሳርኮማ 8890 ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2011 ሥራውን ሲጀምር ሁለቱም ቁጥሮች ነበሩ። ነገር ግን መዝጋቢው የሚጽፈው ሐኪሙ የጻፈለትን ነው። እኛ የአያቶቻችንን ስም ከጻፍን፥ በመዝገቡ መሠረት ይህ በሽታ በአገራችን የለም ማለት ነው፤ ለሌለ በሽታ ደግሞ መድኃኒት የሚገዛ የለም።

ታዲያ ማቅለሚያው በሌለበት ምን እንጻፍ? የ1983ቱ ምሳሌ መልሱን ይሰጠናል። ያየነውን ሁሉ እንጻፍ፤ ያላየነውን አንሰይም። ዕጢው ከየትኛው ንብርብር እንደ ተነሣ፥ በሳንቲ ሜትር ስንት እንደ ሆነ፥ በ50 መስኮች ስንት ተከፋፋይ ሕዋስ እንደ ተቆጠረ፥ ልባሱ የተቀደደ ወይም ያልተቀደደ መሆኑን እናስፍር። ከዚያም «የእንዝርት ሕዋስ ዕጢ፤ ጂስት የመሆን ዕድል አለው፤ የኪት ምርመራ ይደረግለት» ብለን እንዝጋው። የፓራፊኑም ብሎክ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ። ዛሬ ልንጠይቀው የማንችለውን ጥያቄ ነገ ሌላ ሰው ይጠይቀዋልና።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። የመጀመሪያው ዕጢያቸው ብሎክ ተፈልጎ አልተገኘም። ነገር ግን ያንን ወረቀት የጻፈው የፓቶሎጂ ሐኪም ስሙን ብቻ ጽፎ አላለፈም ነበር። ዕጢው ከአንጀቱ የጡንቻ ንብርብር የተነሣ፥ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ፥ በ50 መስኮች 8 ተከፋፋይ ሕዋሳት ያሉት መሆኑን በንጹሕ ቋንቋ አስፍሮታል። የሰጠው ስም በዘመኑ ትክክል የነበረ፥ ዛሬ ግን የተሻረ ነው፤ ያየው ግን ከስሙ በኋላም ጸና። እኛንም ያነቃን ያ መግለጫ ነው። ከጉበታቸው አዲስ ናሙና ተወስዶ ወደ ውጭ አገር ተላከ፤ ኪትን ተሸክሞ ተገኘ። መድኃኒቱም ተጀመረ፤ የሆዳቸውም እብጠት ጎደለ፤ ከዚያም በኋላ ዓመታት ኖሩ።

ውጤቱ በደረሰ ቀን ለጥያቄያቸው መልስ ለመስጠት ቻልሁ። «አባባ፥ ያው ነው፤ ሌላ አልመጣብዎትም። የተለወጠው እኛ የምንጠራበት ስም ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እንኳን በጊዜ አወቃችሁት» አሉኝ። ወረቀቱንም አጥፈው ወደ ፖስታው መለሱት።